ዐጸድ፤ የአዲስ አበባ ከተማ ዛፍና የአድባራቷ አጠባበቅ

ደብር ኢዮቤልዩውን በሚያከብርበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው የሕንፃው ታሪክ ነው፤ መሠረቱን ማን እንደ ጣለ፥ ጉልላቱ መቼ እንደ ወጣ፥ ታቦቱ በማን ዘመን እንደ ገባ ይተረካል። ይህም የሚገባ ነው። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያንን ከሩቅ የሚመለከት መንገደኛ አስቀድሞ የሚያየው ጉልላቱን ሳይሆን ዛፉን ነው። ይልቁንም በደጋው አገር ዙሪያው ሁሉ እርሻና ግጦሽ ሆኖ ሳለ በመካከል ጠቆር ያለ ደን ቆሞ ቢታይ፥ በውስጡ ደብር እንዳለ ለማወቅ ጠያቂ አያስፈልግም። አባቶችም ያን ስፍራ ዐጸድ ብለው ጠሩት። ዐጸድ በግዕዝ የታጠረ የአትክልት ቦታ ማለት ነው፤ የወይኑ ቦታ ዐጸደ ወይን፥ ሕፃናት የሚያድጉበትም ቤት ዐጸደ ሕፃናት መባሉ ከዚሁ የተነሣ ነው። እንግዲህ በስሙ ውስጥ ሁለት ነገር ይገኛል፤ አንዱ አጥሩ ነው፥ ሁለተኛውም ተክሉ ነው። አጥሩ ሲፈርስ ተክሉ ምን እንደሚሆን፥ ያለ አጥርም የሚበቅለው ተክል የትኛው እንደ ሆነ የአዲስ አበባ ከተማ ታሪክ በግልጥ ያሳያል።

በቀድሞው ዘመን የነገሥታቱ ከተማ በአንድ ስፍራ ብዙ የሚቆይ አልነበረም። ሠራዊቱና ሕዝቡ በአንድ ቦታ በሰፈረ ጊዜ ለምሰሶና ለማገር፥ ለምጣድና ለእሳት የሚሆነው እንጨት ከዓመት ወደ ዓመት እየራቀ ይሄዳል፤ ፈጽሞ የራቀ እንደ ሆነ ከተማው ይነሣና ደን ወዳለበት ይሻገራል። ከተማው የተነሣበት ምድር ግን ራቁቱን ይቀራል። ይህንን ያሰበ ንጉሥ አልነበረም ማለት አይደለም። በ15ኛው መቶ ዓመት የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው በወጨጫ ተራራ እንዳስተከሉ ሲነገር ኖሯል፤ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ የሚገኘው የመናገሻ ደንም በዚሁ ይታወቃል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ሥራ ጥቂት ነበር፤ የተለመደው መቁረጥና መሄድ ነው።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1870ዎቹ ዓ. ም. በእንጦጦ ተራራ ላይ ሰፈሩ። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል፤ በተራራው ራስ ላይ የወረደው ዝናብ በሰሜን በኩል የሆነው ወደ ዓባይ፥ በደቡብ በኩል የሆነው ወደ አዋሽ ይሄዳል። ቀበና፥ ግንፍሌ፥ ቀጨኔ የሚባሉት የከተማይቱ ወንዞች የሚነሡት ከዚሁ ነው። በዚያ ላይ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ተሠርታ፥ ዐፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ. ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ የጫኑት በእርሷ ነበር። ይሁን እንጂ ተራራው ለጠላት አስቸጋሪ እንደ ሆነ ሁሉ ለነዋሪውም አስቸጋሪ ነበረ፤ ነፋሱ ብርቱ፥ ብርዱ ጽኑ ስለ ነበረ ለእሳት የሚነደው እንጨት ብዙ ነበር። እቴጌ ጣይቱ በፍል ውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው ስፍራውን አዲስ አበባ ብለው የሰየሙት በ1879 ዓ. ም. ነው፤ ቤተ መንግሥቱም፥ መኳንንቱም፥ ሕዝቡም ቀስ በቀስ ወደ ቆላው ወረዱ። የእንጦጦ ጽድና ወይራም ተከትሎ ወረደ፤ የወረደው ግን በተሸካሚ ጀርባና በጋማ ከብት ተጭኖ፥ ምሰሶና ወጋግራ ለመሆን ነበር።

ከዓድዋ ድል በኋላ ከተማው በዛ። የእያንዳንዱ መኰንን ሰፈር ራሱን የቻለ ከተማ ነበረ፤ እልፍኙ፥ አዳራሹ፥ ጠጅ ቤቱ፥ ወጥ ቤቱ፥ አጥሩ ሳይቀር በእንጨት ይሠራል። ቤት የሚሠራው አንድ ጊዜ ነው፥ እንጀራ ግን ሁልጊዜ ይጋገራል። ስለዚህ ከቤት ሥራው ይልቅ ደኑን የጨረሰው ምጣዱ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በከተማይቱ አቅራቢያ ፍልጥ ማግኘት ጭንቅ ሆነ፤ በ1893 ዓ. ም. ገደማም ንጉሠ ነገሥቱ እንደ ቀድሞው ልማድ ከተማውን ለማንሣት አስበው፥ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኝ ደን ባለበት አገር አዲስ ዓለምን ቆረቆሩ። የቦታው የቀድሞ ስም እጀርሳ ነበር፤ ይህም በኦሮምኛ ወይራ ማለት ነው። ቤተ መንግሥት ይሠራ ጀመር። ነገር ግን ከተማው ሳይነሣ ቀረ፤ ለቤተ መንግሥት የተጀመረውም ሕንፃ ለእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አዲስ ዓለም ማርያምን የሚሳለም ሰው ዋና ከተማ ሊሆን ታስቦ በነበረ ስፍራ ላይ እንደ ቆመ ሁልጊዜ አያስታውስም።

ከተማው ያልተነሣበት ምክንያት ከአንድ በላይ ነው። በድንጋይና በብዙ ወጪ የተሠራውን ቤት፥ የውጭ አገር መንግሥታት መልእክተኞች የያዙትን ስፍራ ጥሎ መሄድ እንደ ድንኳን ነቅሎ መሄድ ቀላል አልነበረም። ዋናው ግን ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ አገሩ አውስትራልያ ሲሆን፥ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1880ዎቹ ዓ. ም. ነው፤ ካስገቡትም መካከል የዐፄ ምኒልክ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳይሌ ስሙ ይነሣል። ከባሕር ማዶ የመጣ ስለ ሆነ ሕዝቡ ባሕር ዛፍ አለው። ንጉሠ ነገሥቱ ችግኙ በጥቂት ዋጋ እንዲታደል፥ ባሕር ዛፍ የተተከለበትም መሬት ከግብር ነጻ እንዲሆን አደረጉ። ትእዛዙ የንጉሥ ነው፤ ተክሉ ግን የሕዝብ ነው። መኰንኑ በሰፈሩ፥ ካህኑ በደብሩ ዙሪያ፥ ድኻውም በጓሮው ተከለ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከእንጦጦ ሆኖ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው ከተማው አልታይ እስኪል ድረስ ቤቱን ሁሉ ዛፍ ሸፈነው።

ባሕር ዛፍ ለምን እንዲህ ቶሎ እንደ ተስፋፋ ማስተዋል ያስፈልጋል፤ የኋላው ታሪክ ሁሉ ከዚህ የሚወጣ ነውና። አንደኛ፥ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ አንድ ጊዜ የተከለ ሰው ደጋግሞ ይቆርጣል። ቀጥ ብሎ ስለሚያድግም በጥቂት ዓመታት ለማገር ይደርሳል፤ ቅጠሉና ጭራሮው እንኳ ለምጣድ ይሆናል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቅጠሉን ከብት አለመብላቱ ነው። በግ፥ ፍየል፥ ላም በመካከሉ ቢውሉ አይነኩትም። እንግዲህ ባሕር ዛፍ አጥር የማይፈልግ ዛፍ ነው፤ ጠባቂም፥ ግዝትም፥ ጉባኤም አያሻውም። የአገሩ ዛፍ ግን እንዲህ አይደለም። የወይራን ለጋ ፍየል ይቀነጥበዋል፤ ከጽድ ዘር የበቀለችውን ቡቃያ የከብት ኮቴ ይረግጣታል፤ ዘሩም ለመብቀል፥ የበቀለውም ለማደግ ትዕግሥት ይፈልጋል። ስለዚህ የአገሩ ዛፍ የቀረው አጥር ባለበት ነው፤ በከተማም ውስጥ ሳይደፈር የኖረው አጥር የደብሩ አጥር ነበር።

የባሕር ዛፍ ጉዳት ሳይቆይ ታወቀ። ሥሩ ውሃ ይስባል፤ ከሥሩ ሣር እንደ ልብ አይበቅልም፤ ሣር በሌለበትም ቁልቁለት ላይ የክረምት ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ይወስዳል። በ1905 ዓ. ም. ገደማ ምንጭና ጉድጓድ ደረቀ የሚል አቤቱታ በዝቶ ስለ ነበረ፥ ከተተከለው ባሕር ዛፍ ከሦስቱ ሁለቱ እጅ ተነቅሎ በምትኩ የእንጆሪ ዛፍ እንዲተከል ትእዛዝ ወጣ። ትእዛዙ ግን አልተፈጸመም፤ ሊፈጸምም የሚችል አልነበረም። ከተማው ሁሉ የሚጋገረው በዚያ ዛፍ ቅጠል ሆኖ ሳለ ሕዝቡ ምጣዱን በምን ያግል? እንዲህ ያለው አዋጅ ሊሠራ የሚችለው ለሕዝቡ ሌላ ማገዶ ከተሰጠው በኋላ ነው፤ ይህም ከዚያ በኋላ ለወጡት ሕጎች ሁሉ የሚበቃ ምስክር ነው።

በዚህ ሁሉ ዘመን የአድባራቱ ዐጸድ እንዴት እንደ ኖረ እንመልከት። ዛፍ የሌለው ቤተ ክርስቲያን ልብስ እንደሌለው ሰው ነው የሚል አነጋገር በካህናት ዘንድ አለ። ዐጸዱ የገነት ምሳሌ ነው፤ በውስጡም ያለውን ዛፍ ያለ ፈቃድ መቁረጥ እንደ ድፍረት ይቈጠራል። ይህ ፍርሃት ትልቅ ጠባቂ ነበረ። ነገር ግን ፍርሃት ብቻ ጠበቀው ማለት ለሕዝቡ የሚገባውን ምስጋና መንፈግ ይሆናል። ዛፉ ለሁሉ ይጠቅም ነበረ። በበዓል ቀን ቤተ መቅደሱ የማይችለው ሕዝብ ቆሞ የሚያስቀድሰው ከዛፉ ጥላ ሥር ነው፤ ሰንበቴው የሚቀርበው፥ ዕርቅ የሚወርደው፥ የቆሎ ተማሪውም ቀለሙን የሚቀጽለው ከዚያው ነው። የወደቀው ቅርንጫፍ ለቤተልሔም እሳት፥ በአውሎ ነፋስ የተገነደሰውም ግንድ ለደብሩ እድሳት ይሆናል። ለአንድ ሰው ያልተሰጠ ነገር ሁሉ ስለ ነበረ ሁሉ ይጠብቀው ነበር። በከተማይቱ ባሉ በቀደሙት አድባራት ዐጸድ ውስጥ ዛሬም ያረጀ ጽድና ወይራ ቆሞ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

አጥር ምን ያህል እንደሚሠራ ግን የተመዘነው በከተማ ሳይሆን በገጠር ነው፤ ለከተማው አድባራት የሚሆን ትምህርት ስላለበት ማንሣቱ ይጠቅማል። የደን ሊቅ የሆኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በ1990ዎቹ ዓ. ም. በደቡብ ጎንደር የሚገኙ የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መርምረው ነበር። ያገኙትም ነገር ይህ ነው፤ ትልልቁ ዛፍ ቆሟል፥ ዘሩም ይወድቃል፥ ነገር ግን ከብት በሚገባበት ደን ውስጥ ቡቃያው ስለሚጠፋ ተተኪ የለም። ከሩቅ ለሚያየው ደኑ ሙሉ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ልጅ እንደሌለው ቤት ባዶ ነው። ከዚህ በኋላ እርሳቸውና አሜሪካዊቷ የደን ሊቅ ማርጋሬት ሎውማን ከየደብሩ ካህናት ጋር ተማክረው፥ ሕዝቡ ራሱ የድንጋይ ካብ በደኑ ዙሪያ እንዲክብ ተረዳ። ድንጋዩ የተለቀመው ከአጠገቡ ካለው እርሻ ስለ ሆነ ገበሬው ማሳው ጠራለት፥ ደኑም ታጠረለት። በካቡ ውስጥ ቡቃያው እንደ ገና ታየ። ይህን የሠራው የውጭ ገንዘብ ብቻ ነው የሚል ቢኖር፥ ድንጋይ የተሸከመው ማን እንደ ሆነ ይጠይቅ።

በአዲስ አበባ ግን ካቡ ቆሞ ሳለ ዐጸዱ ከውስጥ ይጠብ ጀመር። ምክንያቱ ይታወቃል። ቀድሞ አድባራቱ የሚተዳደሩበት መሬት ነበራቸው፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. የገጠር መሬት፥ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ለመንግሥት ሆኖ በታወጀ ጊዜ ይህ ሁሉ ቀረ። ለደብሩ የተረፈው ዐጸዱ ብቻ ነው። ካህናቱን የሚያኖር፥ ሕንፃውን የሚያድስ ገንዘብ ከዚያው መገኘት ስላለበት፥ በአጥሩ ዳር ዳር የሚከራይ ሱቅ ተሠራ፤ ከሱቁም በኋላ አዳራሽ፥ ከአዳራሹም በኋላ ፎቅ መጣ። ይህን ያደረጉትን ሁሉ በአንድነት መውቀስ አይገባም፤ ረኃብ ከደጅ ቆሞ ሳለ የጽድን ጥላ መጠበቅ ከባድ ነውና። ይሁን እንጂ ከኪራዩ ይልቅ ዐጸዱን የወሰደው መቃብር ነው። በቀድሞው ልማድ የአብዛኛው ሰው መቃብር የአፈርና የድንጋይ ክምር ስለ ነበረ፥ በዘመን ብዛት ሣርና ቡቃያ ይለብሰው ነበር፤ ሙታንና ዛፎች በአንድ ስፍራ አብረው ይኖሩ ነበር። በሲሚንቶ የተለሰነ፥ በእብነ በረድ የተሸፈነ፥ በብረት የታጠረ መቃብር ግን ዘር አያስበቅልም፥ የዝናቡንም ውሃ ወደ ምድር አያስገባም። ዐጸዱ ልስን ሆነ ማለት ነው። ለሞተው ክብር ነው የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን አባቶቻቸው በሣር ሥር ተቀብረው ክብራቸው እንዳልጎደለ ማስታወስ መልካም ነው።

ከዐጸዱ ውጭ ያለው የእንጦጦ ነገር ደግሞ የሌላ ወገን ሕዝብ ታሪክ ነው። ከተራራው ባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ጠርገው፥ አንዳንድ ጊዜ የራሳቸውን ክብደት ያህል ሸክም በጀርባቸው አዝለው ቁልቁለቱን የሚወርዱት ሴቶች ለብዙ ዘመን የከተማይቱ ማገዶ አቅራቢዎች ነበሩ። ድሆች ነበሩ፤ የደን ዘበኛም ያሳድዳቸው ነበር። ደኑን አጠፉ ተብለው ሲወቀሱ ከተማው ግን የጋገረው በእነርሱ ሸክም ነበር። በኋላ ከእነዚሁ ሴቶች አያሌዎቹ የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር አቋቁመው፥ ሸክሙን ትተው ነጠላና የአንገት ልብስ እየሠሩ ወደ መሸጥ ተመለሱ። ስለ ደን ጥበቃ በከተማይቱ ከተደረገው ሁሉ ይህ ከፍ ያለ ግምት ይገባዋል፤ በ1905ቱ አዋጅ የጎደለው ነገር፥ ማለት ለድኻው ሌላ እንጀራ መፈለግ፥ በዚህ ተገኝቷልና።

በተራራውም ላይ በ1980ዎቹ ዓ. ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር በበጎ ፈቃድ ሰዎች ርዳታ ባሕር ዛፉን በየተራ እያስቆረጠ፥ በምትኩ ጽድ፥ ወይራ፥ ኮሶና ጥቁር እንጨት ያስተክል ጀመር። ባሕር ዛፉ በተነሣበት ስፍራ ሰው ያልተከለው የአገር ቁጥቋጦ፥ ቀጋና አጋም ሳይቀር ከምድር ውስጥ ወጣ፤ ዘሩ ዘመኑን ይጠብቅ ነበር። ከተራራው በስተ ምዕራብ በኩል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በአንድነት ያቋቋሙት የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል 705 ሄክታር ይዞ የአገሩን ተክል ይሰበስባል። የእንጦጦ ፓርክ ደግሞ በ2013 ዓ. ም. መጀመሪያ ተመረቀ። የእንጦጦ ማርያምን ጠበል ለሚሹ ድውያን ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ የተራራው ምንጭ የሚኖረው ዝናቡን የሚይዝ ሥርና አፈር ሲኖር ነውና።

የደብሩ ሥራ ግን በመንግሥትም በማኅበርም የሚተካ አይደለም። በ1965 ዓ. ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ የደብርን አስተዳደር ለካህናት፥ ለምእመናንና ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በአንድነት ስለ ሰጠ፥ የዐጸዱም ነገር በእነዚሁ በሦስቱ እጅ ወድቋል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ. ም. በአገሩ ሁሉ ችግኝ በተተከለ ጊዜ መንግሥት በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ተተከለ ብሎ አስታወቀ፤ በየደብሩም ካህኑ ከወጣቱ ጋር ተከለ። ይሁን እንጂ በሐምሌ መትከል ቀላሉ ነው። ችግኙ የሚሞተው በክረምት አይደለም፤ ከጥቅምት በኋላ ዝናቡ ሲቆም፥ ይልቁንም በጥርና በየካቲት ምድሩ ሲሰነጠቅ ነው። በእነዚያ ወራት በጀሪካን ውሃ ተሸክመው የሚያጠጡት፥ ጉድጓዱን የሚኮተኩቱት፥ ፍየልና በግ እንዳይገባ የሚከለክሉት ልጆችና እናቶች ስማቸው በምረቃ ድንጋይ ላይ አይጻፍም።

ሁለተኛው ችግር የስፍራ ነው። ጽድ ለምሰሶ ለመድረስ የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል ይፈልጋል፤ በደብሩ ኢዮቤልዩ ቀን የተተከለው ችግኝ ከ50 ዓመት በኋላ በሚከበረውም ኢዮቤልዩ ገና ወጣት ነው። በዚህ ዘመን ሁሉ ውስጥ ብዙ አለቃ ይሾማል፥ ብዙ ጉባኤ ይመረጣል፥ ብዙ ባለጸጋም ለዘመዱ መቃብር ቦታ ይለምናል። ስለዚህ ዛፍ የሚተክል ሰበካ አስቀድሞ ሊወስን የሚገባው የችግኙን ብዛት ሳይሆን፥ ከዐጸዱ የትኛው ወገን ለመቃብርም ለሱቅም እንዳይሰጥ ነው፤ ወሰኑም በድንጋይ ተክቦ፥ ውሳኔው በቃለ ጉባኤ መዝገብ ተጽፎ፥ ለሚመጣው ጉባኤ ከንዋየ ቅድሳቱ ዝርዝር ጋር ይረከባል።